ይድረስ ለሌሊቱ አስታማሚ



ይህ ደብዳቤ ለሁሉም ነው፤ እየጻፍኩ ሳለሁ ግን በዓይነ ኅሊናዬ የሚታየኝ አንድ ዓይነት ሰው ነው። እናቱን ስትሮክ መትቷት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ያላት፣ ወይም ወንድሙ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች የማይሰማው፤ ቀን እንጀራውን ሲያሳድድ ውሎ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ሰው። በአገራችን ሆስፒታሎች በሽተኛውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበውና ዳይፐሩን የሚቀይረው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው። ተረኛዋ ነርስ መርፌውን ወግታ፣ ግሉኮሱን ሰቅላ ስትጨርስ ሌላ ስንት አልጋ ይጠብቃታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያነቡት የሳይንስ ወሬ ቢመስልዎትም የእርስዎው ሥራ ወሬ ነው።

ወሬው ስለ ጨርቅ ነው። በተለያዩ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ያሉ ተመራማሪዎች የሚሰማ ጨርቅ ለመሥራት ሲለፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንሶላ ሊሆን ይችላል፣ ካልሲም፣ የውስጥ ሱሪም። ከተራው ክር ጋር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር አብሮ ተሸምኖበታል። የተኛው ሰው ገላ የት ላይ እንደተጫነ፣ የት እንደሞቀ፣ የት እንደረጠበ ይለካና የአልጋ ቁስል ከመውጣቱ በፊት «አገላብጡት» ይላል። እኔ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። የምፈራው ግን ዕቃው ከፈረንጅ አገር በካርቶን ታሽጎ መጥቶ፣ ጥቂት ወር ጮኾ፣ ከዚያ መጋዘን እንዳይገባ ነው። ጨርቁ የሚለካው ምን እንደሆነ አልጋው አጠገብ ያለው ሰው ካላወቀ፣ ማንቂያውም ማገላበጥ ለሚችል እጅ ካልደረሰ፣ በእጃችን የሚቀረው ውድ አንሶላ ነው።

መጀመሪያ ቁስሉ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። ብዙ ሰው ከቆዳ የሚጀምር ይመስለዋል። ክፉው ዓይነት ግን የሚጀምረው ከሥር፣ አጥንቱ አጠገብ ነው። በጀርባው የተኛ ሰው ክብደቱ የሚያርፈው ጥቂት ቦታ ላይ ነው፦ ከወገብ ዝቅ ብሎ ባለው አጥንት፣ በተረከዝ፣ በትከሻ አጥንት፣ በጭንቅላት ጀርባ። በጎን ሲተኛ ዳሌውና ቁርጭምጭሚቱ፣ ሲቀመጥ የመቀመጫው አጥንቶች ይሸከሙታል። በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተያዘ ሥጋ ሁለት ጥቃት ይደርስበታል። አንደኛው ደም ማጣት ነው፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጣበቁና ኦክስጅን ይቋረጣል፤ ይህ ሰዓታት ይፈልጋል። ሁለተኛው መጨፍለቅ ነው። ሴሎቹ ቅርጻቸውን ሲያጡ ሽፋናቸው ያፈስና ይሞታሉ፤ ጫናው ከከበደ ይህ በደቂቃዎች ሊጀምር ይችላል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የአሚት ገፈን ቡድንና በኔዘርላንድስ አይንድሆቨን ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያጠኑት የኖሩት ይህንኑ ነው። ጡንቻ ደግሞ ከቆዳ ያነሰ ይችላል። በዚህም ምክንያት ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሞት ይችላል። ከቀናት በኋላ ቆዳው ሲከፈት «ትናንት እኮ ምንም አልነበረውም» ይባላል። ነበረው፤ አልታየም እንጂ።

ከጫናው ጋር አጋዦች አሉ። በሽተኛውን ቀና አድርገን ስናስደግፈው ገላው ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አጥንቱ ግን ይወርዳል፤ በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይጎተታሉ፣ ይጠመዘዛሉ። ሐኪሞች ከተቻለ የአልጋውን ራስ ከ30 ዲግሪ በላይ አታንሡት የሚሉት ለዚህ ነው። ላብና ሽንት ቆዳውን ያለሰልሱታል። ሙቀትም አለ፤ ቆዳ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን በግምት 10 ከመቶ ይጨምራል፤ ደሙ በታገደበት ሰዓት ፍላጎቱ ይበዛል ማለት ነው። ፍራሹ እንዳይበላሽ ተብሎ ከአንሶላው ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ላብና ሙቀት አምቆ ይይዛል። ላስቲኩን ንቀሉ አልልም፤ ፍራሹ ለነገው በሽተኛም ያስፈልጋል። ብቻ ላስቲክ ላይ የተኛ ሰው ቶሎ ቶሎ ይታይ።

አሁን ስለ ጊዜ። (ከአንዱ በስተቀር እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1959 ማይክል ኮሲያክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ ከባድ ጫና በአጭር ጊዜ፣ ቀላል ጫና ደግሞ በረጅም ጊዜ እንደሚያቆስል አሳየ። ቁስሉን የሚወልደው የሁለቱ ብዜት ነው እንጂ ክብደቱ ብቻ አይደለም። ይህ ለአስታማሚ ትልቅ ዜና ነበር፤ የእናቱን ክብደት መቀነስ ባይችል ጊዜውን ማሳጠር ይችላላ።

ጊዜን ማሳጠር ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ ከኮሲያክ ቀድሞ በተግባር ያሳየው ግን ሉድቪግ ጉትማን ነው። ጉትማን ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበር። በ1944 ስቶክ ማንዴቪል በተባለ ሆስፒታል የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ከፈተ። ከዚያ በፊት ወገቡ ተመትቶ ሽባ የሆነ ወታደር እንደ ሙት ይቆጠር ነበር፤ የሚገድለውም ጥይቱ ሳይሆን የአልጋ ቁስሉና የሽንት ቧንቧው ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን በሽተኞቹ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ ደንገገ። እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚያ ክፍል ባለ ዕዳ ነን። በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ በእነሱ 1969፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ መኪናው ተገልብጣ ህብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ የተላከው እዚያ ነበር። የሮምና የቶኪዮ ማራቶን አሸናፊ እግሮቹ ዳግም አልታዘዙትም፤ እጆቹ ግን ተመለሱለት፣ በ1970ም በስቶክ ማንዴቪሉ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ቀስት ወርውሯል። ስለ አበበ ስናወራ ባዶ እግሩን እንጂ የተኛበትን አልጋ አናነሳም። እሱ እዚያ ሲደርስ የማገላበጡ ደንብ 25 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሌሊት እየተነሡ የሚያገላብጡ ነርሶች ባይኖሩ ቀስቱም አይኖርም ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ሁለት ሰዓት የሚለው ቁጥር ከዚያ ወዲህ እንደ ሕግ ተወሰደ። ሕግ ግን አይደለም። በ2013 በአሜሪካና በካናዳ 27 የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች 942 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኙ አረጋውያን በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ቢገላበጡ በቁስሉ ብዛት ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህን ሰምተው ግን እናትዎን አራት ሰዓት እንዳይተዉ! ፍራሹ ጥሩ ነበር፤ ቤቶቹም ክትትል ነበራቸው። ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ የወጣ ሴት መሬት በነካ ስስ ፍራሽ ላይ ሁለት ሰዓትም ሊበዛባት ይችላል። ጥናቱ የሚነግረን ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ሰዓት እንደሌለ ነው፤ የሚሰማው ጨርቅ ተፈላጊ የሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ሆስፒታሎች እስከ ዛሬ የሚገለገሉባቸው መመዘኛዎች ማን ለአደጋ እንደተጋለጠ ይናገራሉ። እንግሊዛዊቷ ነርስ ዶሪን ኖርተን በ1962 ያወጣችው አለ፤ አሜሪካውያኑ ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም በ1987 ያሳተሙት አለ። ሁለቱም መልካም ሥራ ናቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ ሌላ አይጠይቁም። ግን «ይህች ሴት አስጊ ናት» ይሉና ያቆማሉ። ግራ ተረከዟ ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ችግር ውስጥ ገብቷል አይሉም።

ይህን የሚለው ዓይን ነው ተብሎ ነበር። የአልጋ ቁስል የመጀመሪያ ደረጃ በመጻሕፍት የተተረጎመው በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት ተብሎ ነው። ልብ ይበሉ፦ ቅላት። ቀይ ዳማም ይሁን ጠይም፣ ጥቁርም ይሁን ጠቆር ያለ፣ የእኛ ገላ ላይ ያ ቅላት ይደበዝዛል፣ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይታይም፤ ተጭነው ሲለቁት መንጣቱንም አለመንጣቱንም መለየት ያስቸግራል። መመሪያው የተጻፈው ነጭ ቆዳ ላይ በሠለጠነ ዓይን ነው። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የጥቁሮች ቁስል ቆዳው ከተከፈተ በኋላ የሚታወቅበት ጊዜ እንደሚበዛ የዘርፉ ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። እዚህ አገር ደግሞ ሁሉም በሽተኛ እንዲህ ያለ ቆዳ አለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እጅ አለ። በጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል በቀን ብርሃን፣ የተጠረጠረውን ቦታ ከአጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ ጋር ያነጻጽሩ። በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ይሞቃል ወይስ ቀዝቅዟል? በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ጠንክሯል፣ ወይስ እንደ ረጠበ ነገር ይሰረጉዳል? መናገር የሚችል ከሆነ ይጠይቁት፤ ያመዋል፣ ያሳክከዋል? ቀለሙ ከወትሮው ጠቁሯል፣ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ያብለጨልጫል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ያ ቦታ ዛሬ ክብደት አይሸከምም፤ ለነርሷም ይነገራት።

ጥቂት ልማዶችንም ልንቀፍ። የሞቀ ወይም የጠቆረ ቦታን በቫዝሊን አጥብቆ ማሸት ደግነት ይመስላል፤ የተጎዳውን ሥጋ ግን ይጨርሰዋል። በአየር የተነፋ ቀለበት ላይ ማስቀመጥም ጫናውን ወደ ቀለበቱ ጠርዝ ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም። ከተረከዝ ሥር የሚቀመጠው ውኃ የተሞላ ጓንት በዓለም አቀፉ መመሪያ የተከለከለ ነው። ከዚያ ይልቅ ትራሱን ከባቱ ሥር አድርገው ተረከዙ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ ይተዉት። በጎን ሲያስተኙትም ቀጥ አድርገው ዳሌው ላይ አያቁሙት፤ ከጀርባው ትራስ አስገብተው በ30 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉት።

ወደ ጨርቁ ልመለስ፤ ጨርቁ የሚያደርገው እጅዎ ያደረገውን ነው፣ ሳይተኛ ብቻ። ጫናን የሚለካው ዓይነት በጣም ቀላል አሠራር አለው። ብር በተቀባ ናይለን የተሠሩ ሁለት ጨርቆች በመካከላቸው ለስላሳ ነገር ይዘው ይነባበራሉ። ሰው ሲተኛበት ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡ የሚያጠራቅሙት ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ያ ለውጥ ይለካል። ሌላው ዓይነት ካርቦን የተቀላቀለበት ሲሆን ሲጫኑት ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል። ለሙቀት ደግሞ በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ የቲላክ ዲያስ ቡድን ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ሙቀት መለኪያ በክሩ ሆድ ውስጥ ሸሽጎ ክሩን እንደማንኛውም ክር አድርጎ ይሸምነዋል። በእጅ ቢዳብሱት አይታወቅም። በአሜሪካ ሲረን የተባለ ኩባንያ ስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሙቀት የሚለካ ካልሲ ይሸጣል። የሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቦታ በሙቀት ከ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከተለያየ አንደኛው እግር ውስጥ ነገር እየተበላሸ ሊሆን ይችላል የሚለው የቆየ ዕውቀት ነው መሠረቱ። ማነጻጸር ነው፤ እርስዎም በእጅዎ ጀርባ ያደረጉት ያንኑ ነው።

እርጥበት የሚለካው ግን ከእጅ ያልፋል። ሥጋ ሲጎዳ የደም ሥሮቹ ማፍሰስ ይጀምራሉ፤ ከቆዳው ሥር ጥቂት ውኃ ይቋጠራል፤ ውኃ ደግሞ የኤሌክትሪክን ጠባይ ይለውጣል። በሎስ አንጀለስ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ባርባራ ቤትስ ጄንሰን የተባለች የነርሲንግ ተመራማሪ በጀመረችው መንገድ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2018 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። በጥናቶች ላይ ከዓይን 5 ቀን ያህል ቀድሞ አስጠንቅቋል። በአሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መሐንዲሶች ደግሞ በ2015 ስስ ላስቲክ ላይ ወርቅ እንደ ቀለም አትመው፣ በሁለት ማግኔት መካከል የተቆነጠጠ የአይጥ ቆዳ ጉዳት ለዓይን ሳይታይ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ ነገር ወደ ጨርቅ ሲገባ ነው እኔን የሚያስደስተኝ፤ ኤሌክትሪክ በውኃ እንጂ በቆዳ ቀለም አይለካማ።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጫናን፣ ሙቀትንና እርጥበትን የሚለካ ሴንሰር አለ፤ በብርሃን የሚለካም አለ። በብርሃን የሚለካው ሲመጣልን ጠበቅ አድርገን እንጠይቅ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ምን እንዳደረገ አይተናል። በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ኦክስጅኑ ደህና ነው ካላቸው በሽተኞች መካከል ደማቸው ሲመረመር ኦክስጅናቸው አንሶ የተገኙት ከጥቁሮች 11.7 ከመቶ፣ ከነጮች 3.6 ከመቶ ነበሩ። ችግሩ በሰፊው የተወራው ያ መሣሪያ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ፣ በኮቪድ ጊዜ ስንት ሰው አምኖበት ካለቀ በኋላ ነው። ሻጩን «የሞከራችሁት በማን ቆዳ ላይ ነው?» ማለት ስድብ አይደለም።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ይሠራል ወይ? ሁለት ሙከራዎች ጎን ለጎን ልንገርዎ። በስዊድን ኡፕሳላ በ2017 የታተመ አለ። 190 በሽተኞች ተከፍለው ለአንዱ ወገን የተኙበት ፍራሽ ላይ ጫናው የት እንደበረታ በቀለም የሚያሳይ ስክሪን ተደረገላቸው። በቁስል ብዛት ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በ2018 ደግሞ በአሜሪካ ስታንፎርድ የወጣ አለ። 1,312 የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኞች ደረታቸው ላይ ትንሽ መለኪያ ተለጠፈላቸው። መለኪያው ጫናንም ሙቀትንም አያውቅም፤ ሰውየው በየትኛው ጎኑ እንደተኛና መቼ እንደተገላበጠ ብቻ ያውቃል። ለግማሾቹ ነርሶች ይህን መረጃ አሳዩዋቸው፣ ለግማሾቹ ደበቁት። ያዩት ዘንድ ቁስል የወጣባቸው 0.7 ከመቶ፣ ያላዩት ዘንድ 2.3 ከመቶ ሆኑ። በሰዓቱ የማገላበጡ ነገር ያላዩት ዘንድ 54፣ ያዩት ዘንድ 67 ከመቶ ነበር።

ብልጡ ሴንሰር ተሸነፈ፣ ጅሉ አሸነፈ። ሆስፒታሎቹም በሽተኞቹም ይለያያሉና ሁለቱን አንድ ላይ መዝኖ መፍረድ እንደማይገባ አውቃለሁ። ቢሆንም የእኔ ግምት ይህ ነው፦ የኡፕሳላው ስክሪን ሥዕል ሰጠ፣ የስታንፎርዱ ግን ተራ ሰጠ፤ «የስድስተኛው አልጋ ሰዓት ደርሷል፣ ሂጂ» አለ። ሌሊት በድካም የፈዘዘ ሰው በቀለም ያሸበረቀ ካርታ አያነብም። አንድ ነገር ይነገረው፣ እሱን ያደርጋል።

በቤተ ሙከራ ያማረ ጨርቅ ሆስፒታል ሲገባ የሚገጥመውም ሌላ ነው። ብር የተቀባ ክር በተደጋጋሚ ሲታጠብ ብሩ ይለቃል። የሆስፒታል አንሶላ ደግሞ በፈላ ውኃና በበረኪና ነው የሚታጠበው፤ በረኪና ብርን ይበላል። ለስላሳ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ሲጫኑት ይሟሽሻል፤ ጫናው ሳይለወጥ ቁጥሩ ይንሸራተታል። እኛ የምንፈልገው ለረጅም ሰዓት ተጭኖ የሚቆይ ስለሆነ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። አንሶላ ይጨማደዳል፣ ጭምድዱም ጫና መስሎ ይነበባል። ጨርቁ ደግሞ የሚለካው ከቆዳው ላይ ያለውን ነው፤ አጥንቱ አጠገብ ያለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ሽቦው፣ ቁልፉ ወይም የባትሪው ቋት ከተኛው ሰው ጀርባ ሥር ከገባ ራሱ ቁስል ይሠራል። ካቴተርና የኦክስጅን ጭንብል ሲያቆስሉ አይተናል፤ ቁስል የሚጠብቅ ዕቃ ሲያቆስል ማየት አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ባሕር ዳርን ያስቧት። በ2014 በታተመ ጥናት በከተማዋ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከተኙ 422 በሽተኞች 16.8 ከመቶው የአልጋ ቁስል ተገኝቶባቸዋል። እዚያው ከተማ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ከተቋሙ የወጡ ተመራማሪዎች ከቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፔዶት የተባለ ፖሊመር በተቀባ ጨርቅ ላይ በ2020 ጽፈዋል። ቁስሉም ዕውቀቱም አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ናቸው። የፈረንጁን ጨርቅ ውድነት ከማማረራችን በፊት እነዚህ ሁለት ቤቶች ምን ሊነጋገሩ እንደሚችሉ ማሰብ አይከብድም። በረኪና የሚችል፣ በእኛ ላስቲክ ፍራሽ ላይ የተሞከረ፣ በእኛ ቆዳ ላይ የተመዘነ፣ መብራት ሲጠፋ የማይሞት ጨርቅ። ሙሉ አንሶላም አያስፈልግም፤ ለሁለቱ ተረከዝና ለወገብ ሥር የሚሆን ብጣሽ ይበቃል። ማንቂያውም ወደ ነርሶች ክፍል ብቻ አይሂድ፤ ካርቶኑ ላይ ላሸለበው ሰው ስልክ ይድረስ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሚሰማው ቋንቋ «ወደ ግራ አዙራት» ይበለው። አስታማሚ የሚባል ሰው በሌለበት አገር የተሠራ ዕቃ አስታማሚን አያስበውም። የእኛ ሰው ነው ሊያስበው የሚችል።

ወጪው አይከብድም ወይ ለሚለኝ፣ ቁስሉም ርካሽ አይደለም። የአሜሪካ የጤና ጥራት መሥሪያ ቤት በዚያ አገር በዓመት ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው የአልጋ ቁስል እንደሚይዘው፣ 60,000 ያህሉም በዚሁ ሰበብ እንደሚሞት ይናገራል። የአሜሪካ መንግሥትም ከጥቅምት 2008 ጀምሮ በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከባድ የአልጋ ቁስል ለወጣበት በሽተኛ ተጨማሪ ክፍያ አልከፍልም ብሏል። ሴንሰር ሻጮች የበዙት ከዚያ ወዲህ ቢሆን አይገርምም። እኛ ዘንድ ሒሳቡን የሚከፍለው ቤተሰብ ነው፦ ቁስል ማጠቢያ፣ ፋሻ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ ከሥራ የቀረ ሰው፣ ለወራት የተራዘመ አልጋ።

የመጨረሻው ቃሌ በሌላ አገር ሌሊት ለሚሠሩት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የአረጋውያን ቤቶች፣ በእስራኤል፣ በቤሩትና በሪያድ ቤቶች ውስጥ የማያውቁትን ሽማግሌ የሚያገላብጡት እጆች ብዙዎቹ የእኛ እህቶችና ወንድሞች ናቸው። እነዚህን ሴንሰሮች ከማናችንም ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም አይታችኋል። ስለ በሽተኛው የሚቆጥር ሴንሰር ስለ ሠራተኛውም እንደሚቆጥር ታውቃላችሁ፤ ማን አገላበጠ፣ ማን ዘገየ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ኩባንያዎቹ ስለ ቁስሉ መቀነስ ይጽፋሉ። ከእናንተ መስማት የምፈልገው ሌላ ነው፦ ዕቃው ከገባ ወዲህ በአንድ ሌሊት ለአንድ ሰው የሚመደበው አልጋ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ወገባችሁስ እንዴት ነው?